የመምሬ አድማሱ ሚስት ክኒን

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ሰዓቱን ቤቴ ወስጄ መጀመሪያ ያደረግሁት ከሬዲዮው ጋር ማስተያየት ነበር። ወደ ኋላ ይቀራል። ስጦታ ስለሆነ አልተናገርኩም፤ ሳላስተካክል ግን አልሰቀልኩትም። ልጆቼ ጠርጣራ ይሉኛል፤ ሆስፒታል ውስጥም ከኋላዬ ከዚህ የባሰ ስም እንዳወጡልኝ አውቃለሁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው ነርስ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው የስንብት ዕለት አንዲት ወጣት ነርስ ለስላሳዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «ሲስተር፣ በእናንተ ጊዜ በጣም ያስቸገራችሁ በሽታ የቱ ነው?» አለችኝ። ወባ፣ ተስቦ ወይም የሳንባ ነቀርሳ እንድላት ነበር የጠበቀችው። «ሐሜት ነው» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም። ያንን ሐሜት ያመጣው ደግሞ እኛው በእጃችን የሰጠነው ክኒን ነበር። ልነግራት ጀምሬ ኬክ ይቆረስ ተባለና ሳልጨርስ ቀረሁ፤ አሁን ልጨርስላት።

እኔ ጎንደር ተወልጄ ጎንደር የተማርኩ ነኝ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጃቸው ነጭ ልብስ ለብሳ የሰው ቁስል ልታጥብ መሆኑን ሲሰሙ አኮረፉኝ፤ ሪሃቸውን ሳሽላቸው ግን ታረቁኝ። ጊዜው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ጃንሆይ ተመልሰው፣ ጤና ጣቢያ በየአውራጃው ይከፈት የተባለበት፣ ሕንፃው አንድ ቦታ፣ መድኃኒቱ ሌላ ቦታ፣ ሠራተኛው መንገድ ላይ የነበረበት ዘመን። የመጀመሪያ ምድቤ አዲ አርቃይ ሆነ። በጭነት ማኪና ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ሊማሊሞን ስወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ሹፌሩ «ምነው ሲስተር፣ እኔ እንኳ ዓይኔን አልጨፈንኩ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አዲ አርቃይ ያገኘሁት ሰው አያ ሰኢድን ነው። ከጎንደር የእስላም ነጋዴ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ወንድሞቻቸው ሁሉ ጨርቅና ጨው ሲነግዱ እሳቸው ብቻ በጣሊያን ጊዜ ቁስል ማሰር የተማሩ ድሬሰር ነበሩ። ሀገሩ ሐኪም ሰኢድ ይላቸዋል። እሳቸው ግን «ሐኪም አይደለሁም፤ አሳሪ ነኝ» ይላሉ። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ሲናገሩ ሰው ዓይን የማያዩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ይህን አልወደድኩላቸውም፤ ዓይን የማያይ ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ ነበር። እሳቸውም እኔን አላመኑኝም። ከከተማ የመጣች ልጅ ምን ታውቃለች ብለው መርፌ ስቀቅል ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። በዚህ ተስማማን፤ ሁለታችንም ማንንም አናምንም።

ዓይን የማያዩበትን ምክንያት የተረዳሁት ሴት በሽተኛ ሲጠይቁ ነው። የገጠር ሴት ስለ ወር አበባዋ ለወንድ አትናገርም፤ ለእኔም ቢሆን ትሽኮረመማለች። አያ ሰኢድ ደግሞ ያንን ሳያውቁ መድኃኒት አይሰጡም። ስለዚህ ግድግዳውን እያዩ የጸሎት ነገር ይጠይቃሉ። ለክርስቲያኗ «ባለፈው እሑድ ገብተሽ አስቀደስሽ ወይስ ከደጅ?» ይሏታል። ለእስላሟ «ሶላት ላይ ነሽ?» ይሏታል። ለቤተ እስራኤሏ ደግሞ፣ እነሱ በደማቸው ጊዜ ከቤት ተለይተው የሚሰነብቱበት ጎጆ አላቸውና፣ «ጎጆ ከወጣሽ ቆየሽ?» ይላሉ። ሴቶቹም አንገታቸውን ደፍተው እቅጩን ይነግሯቸዋል። ማንም አላፈረም፤ ማንም አልዋሸም። ያ ዘዴ በትምህርት ቤት ከተማርኩት ብዙ ነገር ይልቅ ጠቅሞኛል።

ሁለተኛው ልማዳቸው «ፍቺው» ማለት ነው። የእኛ ሴት የምትውጠውን ነገር ሁሉ በነጠላዋ ጫፍ ወይም በመቀነቷ ትቋጥራለች፤ እምነት፣ ሥር፣ ከገበያ የገዛችው ክኒን፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። አያ ሰኢድ ቋጠሮው ሳይፈታ አይመረምሩም። አንዲት የደባርቅ ሴት ደሟ አልቆም ብሎ፣ ከንፈሯ ነጥቶ በቃሬዛ መጣች። ቤተሰቡ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ጸበል ሲያመላልሳት ከርሟል። «ፍቺው» አሏት። ከመቀነቷ እፍኝ ሙሉ አስፕሪን ወጣ። ጥርሷን ሲያማት ከሹፌሮች እየገዛች እንደ ቆሎ ስትቆረጥመው ነው የቆየችው። ክኒኑን አስጣልናት፣ ደሟም ሰከነ።

«አየሽ» አሉኝ በኋላ፣ እጃቸውን እየታጠቡ። «ሰው ክኒን ሲውጥ ያመመውን ቦታ ብቻ ነው የሚያስበው። ክኒኑ ግን ደም በሄደበት ሁሉ ይሄዳል። ማሕፀን ጋም ይደርሳል። በሽተኛሽ አዲስ ነገር ካመጣች መጀመሪያ እኛ የሰጠናትን ጠርጥሪ። ሴትዮዋን መጨረሻ ትጠረጥሪያታለሽ።»

ከአያ ሰኢድ ጋር አራት ክረምት ሠራሁ። አለቃችን ማኅተም የሚወድ ሰው ስለነበር ለአንድ ጠርሙስ አልኮል ሦስት ወረቀት እንጽፋለን፤ ደመወዝ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ከዚያ ወደ ጎንደር ተዛወርኩና በሆስፒታል የሴቶችን ክፍል ያዝኩ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ማንጠግቦሽ የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው።

ማንጠግቦሽ የመምሬ አድማሱ ሚስት ናት። መምሬ በእኛው ሰፈር ደብር የሚቀድሱ ቄስ ነበሩ። የመጨረሻ ልጃቸውን ኩፍኝ ወሰደባቸው። ማንጠግቦሽ ያን ጊዜ ወደ አርባ የተጠጋች ሴት ናት። ከቀብሩ በኋላ እንቅልፍ አጣች፤ ምግብ ተወች፤ ቀን በቀን ወደ መቃብሩ እየሄደች ልጅቱን በስሟ ትጣራለች፤ በመጨረሻ ባሏን እንኳ ለየቻቸው ለማለት ያስቸግራል። ጸበል ሰነበተች። አልሆነም። መምሬ ሰው ምን ይለኛል ሳይሉ እጇን ይዘው ሆስፒታል አመጧት። ሐኪሙ ያን ጊዜ ገና አዲስ የገባ፣ የታወከ አእምሮ የሚያሳርፍ ክኒን ጀመረላት። እኔ አዲስ ክኒን አልወድም። ይህን ግን ማመስገን አለብኝ፤ ማንጠግቦሽ ተኛች፣ በላች፣ ጥጧን አውጥታ መፍተል ጀመረች። መምሬ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አመሰገኑን። ወዲያው ግን ደብሩ በመሬት ክርክር አዲስ አበባ ችሎት እንዲቆሙለት ላካቸው። ማንጠግቦሽ ከአማቷ ከእመት ብርቄ ጋር ቀረች።

እመት ብርቄን ልንገራችሁ። ፈጣን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸው የማይቆሽሽ ባልቴት ናቸው። ማንም ሳይሾማቸው የደብሩን ሴቶች ይቆጣጠራሉ። በእኛ ሥርዓት ሴት በደሟ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ ሆና ታስቀድሳለች። እንግዲህ እሑድ በበሩ ያለፈ ሰው ማን ደሟ እንደመጣ፣ ማን እንደቀረባት፣ ማን እንዳረገዘች ሳይጠይቅ ያውቃል። እመት ብርቄ ደግሞ አንዷም አታመልጣቸውም።

በዐቢይ ጾም መካከል ምራታቸውን በነጠላዋ ጫፍ እየጎተቱ ወደ እኔ አመጧት።

«ሲስተር፣ ይችን እይልኝ» አሉ። «ልጄ አዲስ አበባ ነው። እሷ ግን ከጥምቀት ወዲህ አንድ እሑድ እንኳ ከደጅ ስታስቀድስ አላየኋትም። ሁልጊዜ ከውስጥ! ደግሞ ጡቷን እይው፤ ወተት አለው።»

«ማርያምን ብያለሁ፣ ወንድ አልቀረበኝም» አለች ማንጠግቦሽ። አላለቀሰችም። ድምፅዋ የደከመ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ ማርያምን ያለች ሴት ሁሉ እውነተኛ ናት ብዬ አላምንም። በሥራዬ ብዙ መሐላ ሰምቻለሁ። አስገብቼ መረመርኳት። ጡቷ በእውነት ወተት አለው። ማሕፀኗ ግን ትንሽ ነው፤ ምንም የያዘው ነገር የለም። ደስ ብሎኝ ወጣሁና «እመት፣ እርግዝና የለም። ሆዷ ባዶ ነው» አልኳቸው። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

እመት ብርቄ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ወተቱሳ?» አሉ።

እሱን በትምህርት ቤት አልተማርኩም።

«እንግዲያ አስወርዳዋለቻ!» አሉና ነጠላቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ወጡ።

ሰፈሩ በአንድ ቀን ሰማ። እኔ የተናገርኩት ቃል ከእመት ብርቄ ቃል ጋር ተሰፍቶ ነው የሄደው፤ «ሲስተርም መርምራት ሆዷ ባዶ ነው ብላለች» ይባላል። ነጻ ታወጣታለች ያልኩት ቃል ነፍሰ ገዳይ አደረጋት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያቃጠለኝ ነገር የለም። ከዝሙቱ ይልቅ ጽንስ ማጥፋቱ የከፋ ነው። ቄስ ደግሞ በቁርባን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገባ። ሚስቱ ካመነዘረች ወይ ይለያታል፣ ቀሪ ዕድሜውንም ብቻውን ይኖራል፤ ወይ እሷን ይዞ ክህነቱን ይተዋል። ለመምሬ መልእክት ተልኮላቸዋል። እሳቸው እስኪመጡ ድረስ ማንጠግቦሽን ከቤት አውጥተው አዘዞ እህቷ ጋ አስቀመጧት። የሞተችው ልጇ ሳታንስ ባሏና ስሟ ሊጨመሩ ነው።

አዘዞ ሄጄ አገኘኋት። በሩን ዘግታ ተቀምጣለች። ምን እንደምላት ሳላውቅ የአያ ሰኢድ ቃል አፌ ላይ መጣ። «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ቋጠሮሽን ፍቺልኝ» አልኳት።

ፈታችው። የጻድቃኔ እምነት፣ የልጅቱ የአንገት ማተብ፣ እና የእኛ ክኒን። ሌላ ምንም የለም። ሥር የለም፣ ቅጠል የለም። መቼ ደሟ እንደቀረ ስጠይቃት ክኒኑን ከጀመረች በኋላ ነው። ወተቱም ከዚያ ወዲህ ነው። «እኔስ ልጄን ስላሰብኩ የመጣ መስሎኝ ነበር» አለች። ያን ጊዜ ጥርጣሬዬን ከእሷ አንስቼ ወደ ራሳችን መደርደሪያ አዞርኩት።

በማግስቱ ሐኪሙን ጠየቅሁት። ከወረቀቱ ቀና እንኳ አላለም። «አዎ፣ ያ ክኒን እንደዚህ ያደርጋል» አለ። «በአንዳንድ ሴቶች ደሙን ያቆማል፤ ወተትም ያመጣል። ሲተዉት ይመለሳል። ጉዳት የለውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ጉዳት የለውም አልኩሽ እኮ።»

«በእርስዎ አገር ጉዳት የለው ይሆናል» አልኩት። «እዚህ ግን ሴትዮዋን ከባሏ ሊለያት ነው።» ነገሩን ከቅጥሩ ጀምሬ አስረዳሁት። መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያልጠየቅነውን አልነገረንም፣ እኛም መጠየቅ አላወቅንም። ክኒኑን በጥቂት በጥቂቱ ቀንሳ እንድታቆም ፈቀደ፤ ግን ሕመሙ ሊመለስ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀኝ።

እመት ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። «ክኒን ወተት ያስወጣል?» ብለው ሳቁብኝ። «ሐኪም ቤቱም አብሯት ዶለተ በዪኛ!» እውነት ነው፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ማንጠግቦሽ ክኒኑን ተወች። ወተቱ ደረቀ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ በአንዱ እሑድ፣ ከአዘዞ መጥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሕዝቡ ሁሉ አያት። በሕይወቴ የሴት ደም መምጣት እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም። እመት ብርቄ ግን ቆም ብለው አይተዋት «ያስወረደችም ሴት ደሟ ይመለሳል» አሉ ለጎረቤታቸው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል።

መምሬ አድማሱ በሰኔ መጡ። ሁሉን ሰምተው ነው የመጡት። በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሄዱ፤ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ እንደገና ሁሉን ተናገረ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው አዳመጡና «ይበቃኛል» አሉ። ከአዘዞ ሚስታቸውን አመጡ። አንድም ቀን አልጠረጠርኳትም ይላሉ። እኔ ይህን አላምናቸውም፤ ሰው ናቸው። ግን ጥርጣሬያቸውን ለማንም አላሳዩም፣ ለእሷም ጭምር፤ እኔ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አልፈልግም ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ሕመሙ ተመለሰ። ዝናብ እየመታት መቃብሩ ዘንድ ቆማ ልጅቱን ትጣራለች አሉ። መምሬ እንደ መጀመሪያው ጊዜ እጇን ይዘው አመጧት። «ሲስተር፣ ክኒኑን ስጭልኝ» አሉኝ።

እሷ ግን እምቢ አለች። አእምሮዋ በዚያች ሰዓት ሙሉ ነበር፤ ይህን እመሰክራለሁ። «አልውጥም» አለች። «እብድ ይበሉኝ። እብድ መባል ይሻለኛል።»

«እትዬ፣ አሁን እኮ መምሬ እዚህ ናቸው» አልኳት። «ደምሽ ቢቀር ማን ምን ይላል? እመት ብርቄም በዓይናቸው ያያሉ፤ ወተቱም ይመጣል፣ ሆድሽም አይገፋ። ያን ጊዜ ክኒኑ መሆኑን ያምናሉ።»

«እሳቸው ያምኑ ይሆናል። አገሩሳ? ከደጅ ሲያጣኝ አረገዘች ይላል። ሆዴ ሳይገፋ ሲቀር አስወረደች ይላል። በየዓመቱ ልጅ ልገድልላቸው ነው? ለእያንዳንዷ ሴት ጡቴን እየገለጥኩ ላሳይ?»

መምሬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ አንድ ምክር አመጣሁ፤ አሁንም አላፍርበትም። «ደምሽ ባይመጣም ወር በወር ከደጅ ተቀመጪ። ማን ይመረምርሻል?» አልኳት።

«የእግዜርን ደጅ ልዋሽበት?» አለች። መምሬም ራሳቸውን ነቀነቁ። ክኒኑ በእጄ ነው፤ ከክኒኑ ይልቅ ያቺን ሴት ሳላሳርፍ መላኬ ነበር የሚከብደኝ።

ከዚያ ማንጠግቦሽ ቀና አለች። «እንግዲያውስ ተስያለሁ» አለች። «ለልጄ ነፍስ ስል ከእንግዲህ ፀጉሬ እስኪሸብት አልገባም። ሁሉንም እሑድ ከደጅ አስቀድሳለሁ። ሁልጊዜ ከደጅ የተቀመጠችን ማን ይቆጥርባታል? ውሸትም አይደለ፤ ይኸው በፊታችሁ ተሳልኩ።» እጇን ዘረጋችልኝ። ክኒኑን ሰጠኋት።

መምሬ የሚቀድሱት ውስጥ ነው፤ እሷ የምትቀመጠው ውጭ ነው። በሚያቆርቡት ሰው ሁሉ መካከል እሷ አትኖርም። የስእለት ነገር ደግሞ አይጠየቅም፤ ለሙት ልጅ የተሳለች እናት ናትና አገሩ ከንፈሩን መጦ ተዋት። ደሟ ቀረ፣ ወተቱ መጣ፣ ሄደ፤ ማንም አላየም፤ ከአንድ ቤት ከሚያድሩት ከእመት ብርቄ በቀር። ፈተለች፣ ጠላ ጠመቀች፣ ሠርግ ደገሰች፣ ሳቀች። ክኒኗን ከእኔ እጅ ብቻ ነበር የምትወስድ። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሴት ክኒን ስሰጥ «ደምሽን ሊያዘገየው፣ ሊያበዛው ወይም ሊያስቀረው ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ከባልሽም ከአማትሽም በፊት ለእኔ ንገሪኝ» ሳልል ሰጥቼ አላውቅም። ሐኪሞቹ ሰልፉን አስረዘምሽው ይሉኝ ነበር። ይርዘም።

ዓመታት አለፉ። ጃንሆይ ገና ከዙፋናቸው ሳይወርዱ በአንዱ እሑድ እኔም በራሴ ምክንያት ከቅጥሩ ውጭ ነበርኩ። እመት ብርቄ አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ እግራቸው አልቆም ስላላቸው ግንቡን ተደግፈው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ወንጌል ሊነበብ ሲል ማንጠግቦሽ ከድንጋይዋ ተነሣች። ፀጉሯ ገብስማ ሆኗል። ጫማዋን አወለቀች፣ የበሩን መቃን ተሳለመች፣ ገባች። ከደጅ ያሉት ሴቶች ሁሉ ዘወር አሉ።

«ማናት ያለፈችው?» አሉኝ እመት ብርቄ።

«ምራትዎ ናት። ስእለቷን ጨረሰች መሰለኝ።»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«አይ ስእለት!» አሉ። «አሁንማ በዕድሜዋ ምን የሚቆጠርባት አለ፤ ትግባ እንጂ።»